ኑዛዜና ሳቅ፦ ስለ ተመራቂዎች የስንብት ጽሑፍ

«ኑዛዜ» በአማርኛ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሟች ንብረቱን ለወራሽ የሚያስተላልፍበት ቃል ነው፤ ሁለተኛው፣ ኃጢአተኛ ለነፍስ አባቱ የሚገልጸው ምሥጢር ነው። እንግሊዝኛ ለሁለቱ የተለያዩ ቃላት ሲኖሩት፣ የእኛ ቋንቋ በአንድ ግሥ አስሯቸዋል፤ ሰው ሲናዘዝ በደሉንም ላሙንም በአንድ አፍ ይናገራል። ይህን ያነሣነው ለቋንቋ ምርምር አይደለም። በዚህ በምንኖርበት አገር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲመረቁ በዓመታዊ መጽሔታቸው ወይም በትምህርት ቤታቸው ጋዜጣ የሚያትሙት የቀልድ ኑዛዜ ምን ዓይነት ጽሑፍ እንደ ሆነ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ በር ስላላገኘን ነው።

ልማዱ እንዲህ ነው። ተመራቂው ክፍል ራሱን እንደ ሟች ይቈጥራል። በጠበቃ ቋንቋ አእምሮው ሙሉ፣ አካሉ ጤናማ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ለታናናሾቹ ማውረስ ይጀምራል፤ አንዱ ከመስኮቱ አጠገብ ያለውን ወንበሩን፣ ሌላዋ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ዓይኗን ሳትከድን የመተኛት ጥበቧን፣ ሦስተኛው አርፍዶ ገብቶ ሳይቀጣ የመቅረት ዕድሉን። ተናዛዡ ንብረት የለውም፤ የሚሰጠው ጠባዩን ነው። በዚህም ሳያውቀው ወደ አማርኛው ቃል ይጠጋል፤ ስጦታ መስሎ የቀረበው ሁሉ የበደል ዝርዝር ነውና። ሰሙ ውርስ፣ ወርቁ ንስሐ ነው ብንል ቅኔ ቤት የዋለ አንባቢ የሚቈጣን አይመስለንም።

እንደ ሥነ ጽሑፍ ሲመዘን አብዛኛው ደካማ ነው። ከክፍሉ ውጭ ላለ ሰው አይገባም፤ ቀልዱም ዓመት ሳይሞላው ይሻግታል። በሰላም ዘመን የተጻፉትን እንዲያነብ ማንንም አንገፋፋም። የጦርነት ዘመኖቹ ግን ሌላ ናቸው።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ስለሚኖሩ ምሳሌውን ከደጃፋቸው እንውሰድ። በሲልቨር ስፕሪንግ ሞንትጎመሪ ብሌር ሃይስኩል እ.ኤ.አ. በ1935 በዌይን ጎዳና ሥራውን ጀመረ፤ ዛሬ ወዳለበት ወደ ፎር ኮርነርስ የተዛወረው በ1998 ነው። በዚያው በ1935 በአሌክሳንድሪያ ጆርጅ ዋሽንግተን ሃይስኩል ተከፈተ። ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ገና ሰባተኛ ዓመታቸውን ሳይሞሉ አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገባች። ዛሬ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕል ለማየት የምንሄድበት የአሌክሳንድሪያው የወንዝ ዳር ሕንፃ ያን ጊዜ ለባሕር ኃይል ቶርፔዶ ያመርት ነበር፤ ስሙም እስከ ዛሬ ያንኑ ይመሰክራል።

እ.ኤ.አ. በ1942 መጀመሪያ የመኪና ጎማ በራሽን ሆነ፤ ስኳር ተከተለ፤ ቤንዚን «ኤ»፣ «ቢ»፣ «ሲ» እየተባለ በፊደል ታደለ፤ በዓመቱ መጨረሻ ቡና፣ በ1943 ጫማ ተጨመረ። እንግዲህ ትናንት ምንም የማያወርሰው ተናዛዥ ዛሬ የሚያወርሰው ብርቅ ነገር አገኘ፤ የተላጠ ጎማ፣ ግማሽ የስኳር ኩፖን፣ ቤንዚን የሌላት መኪና። ስኳር ለመውሰድ የቀበሌ ካርድ ይዞ የተሰለፈ አንባቢ ይህን ቀልድ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። (አሜሪካዊው ቡና በልክ ሲታደለው ፈገግ ማለታችንን አንሸሽግም።)

ይህ ሁሉ ግን የላይኛው ሽፋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ ገደማ የውትድርና ግዴታ ከ20 ዓመት ወደ 18 ወረደ። ከዚያ ወዲህ የተመረቀ ወንድ ልጅ የምስክር ወረቀቱንና የመጥሪያ ወረቀቱን በአንድ ክረምት ሊቀበል ይችል ነበር። «አካሌ ጤናማ ሆኖ ሳለ» የሚለው ባዶ የጠበቃ ቃል በድንገት ሥጋ ለበሰ፤ አካሉ ጤናማ የሆነ በመልማዩ ቦርድ «አንድ ኤ» ተብሎ ይመደባል፣ «አንድ ኤ» የሆነ ደግሞ ይሄዳል። ቀልዱ የቆመው በአንድ ምሰሶ ብቻ ነበር፤ ይኸውም ተናዛዡ እንደማይሞት ሁሉም ማወቁ ነው። ምሰሶው ሲነቃነቅ፣ አንዲት ቃል ሳትለወጥ ጽሑፉ ተለወጠ። ደራሲው የጨመረው ነገር የለም፤ የጨመረው ታሪክ ነው።

በዚህ ጊዜ ተመራቂው ጸሐፊ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው መፈክር ነው፤ ሂትለርን እንዲህ እናደርጋለን፣ ቶኪዮን እንዲያ እናደርጋለን ማለት። ይህ ዓይነቱ ኑዛዜ በዚያው ይሞታል፤ በማናቸውም የዘመኑ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው የተለየ አይናገርምና። ሁለተኛው በወንበሩና በመስኮቱ ላይ መጽናት ነው። አንድ ልጅ ወንበሩን በውርስ ሳይሆን በአደራ ልስጥ ቢል እንበል። በአማርኛ ውርስና አደራ ሰማይና ምድር ናቸው፤ የወረሰ ባለቤት ይሆናል፣ አደራ የተቀበለ ግን ባለቤቱን ይጠብቃል። በዚያች አንዲት ቃል ውስጥ ስለ ጦርነቱ የሚባለው ሁሉ ተብሏል፤ ጦርነቱም አልተጠራም። እኛ ጥሩ የምንለው የጦርነት ዘመን ቀልድ ይህን ነው፤ ፍርሃትን በስሙ ሳይጠራ ከክፍሉ ሁሉ ጋር የሚካፈለውን።

ሂሳችን ግን በማመስገን ብቻ ሊያበቃ አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ባለቤት «እኛ» ነው፤ ይህ «እኛ» ማነው ብሎ መጠየቅም የሂስ ግዴታ ነው። ሞንትጎመሪ ብሌር የፕሬዚዳንት ሊንከን የፖስታ ሚኒስትር ነበር፤ ከዚያም በፊት ነፃነቱን በፍርድ ቤት ለጠየቀው ለድሬድ ስኮት የተሟገተ ጠበቃ ነበር። የዚህን ጠበቃ ስም በተሸከመው ትምህርት ቤት ጥቁር ልጅ አይማርም ነበር። የአካባቢው ጥቁር ተማሪ ሁለተኛ ደረጃ ለመማር እስከ ሮክቪል፣ እስከ ሊንከን ሃይስኩል መጓዝ ነበረበት። በአሌክሳንድሪያም ነጩ በጆርጅ ዋሽንግተን፣ ጥቁሩ በፓርከር-ግሬይ ይማር ነበር። ጦር ሠራዊቱ ለየብቻ እያሰለፈም ቢሆን ከሁለቱም ወገን ይመለምል ነበር፤ የቀልዱ «እኛ» ግን የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ለታናሹ ሲተላለፍ፣ ያ ወንበር በሕግ ለማን እንደ ተከለከለ ኑዛዜው አንዳች አይናገርም። ውርሱ ሙሉ ነው፤ ንስሐው ጎዶሎ ነው።

ልዩነቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1954 ሕገ ወጥ ነው ብሎ ከፈረደም በኋላ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶቹን መቀላቀል የጀመረው በ1955፣ አሌክሳንድሪያ ደግሞ በ1959 ነው። በ1965 አሌክሳንድሪያ ውስጥ የተከፈተው አዲሱ ሃይስኩል የተሰየመው ጥቁርና ነጭ አብረው እንዳይማሩ በተቃወመው የትምህርት ኃላፊ በቲ.ሲ. ዊሊያምስ ስም ነበር። በ2021 ስሙ ተነሥቶ አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ተባለ። ዛሬ የእኛም ልጆች ይማሩበታል። ወራሽ ውርስን አልቀበልም ማለት እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ወደ አገራችን እንመለስ። የእኛ የውርስ ጽሑፍ ቀልድ አያውቅም። የጥንቱ የርስት ሰነድ ቃሉን ያፈረሰውን በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ያወግዛል፤ የብላቴን ጌታ ኅሩይ መጽሐፍ «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ሲባል አርእስቱ ብቻ የአቅጣጫውን ነገር ይነግረናል፤ ምክሩ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ መታሰቢያው ከታች ወደ ላይ ይወጣል። እኩያ ለእኩያ፣ ታላቅ ተማሪ ለታናሽ ተማሪ እየሣቀ የሚያወርስበት መድረክ ሊሆን ይችል የነበረው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ የኮሌጅ ቀን ነበር። በ1953 ዓ.ም. ታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል»ን ካነበበ በኋላ ግን መድረኩ ለቁም ነገር ተሰጠ። አላጠፋም፤ ደሃው መናገር ነበረበት። ሆኖም ከዚያ ወዲህ የተማሪው ብዕር መሣቅን እንደ ክህደት መቍጠር ጀመረ።

ከዚያም የኛ ጦርነቶች መጡ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የዩኒቨርሲቲና የመጨረሻዎቹ ሁለት የሃይስኩል ክፍሎች ተማሪዎች ወደ ገጠር ዘመቱ፤ ቍጥራቸው ከመምህራኑ ጋር 60,000 ያህል ነበር። ብዙዎቹ ወደ ክፍላቸው አልተመለሱም፤ ተከትሎ የመጣው ቀይ ሽብር ነበርና። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጣ፤ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ሁሉ ጠራ። በ1983 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርት ተቋርጦ ተማሪዎቹ ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ብላቴ ተወሰዱ፤ ግንቦት 13 ቀን መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥሎ ሲሄድ ብዙዎቹ በእግራቸው ወደ ኬንያ ተሻገሩ። ከነርሱ አንዳንዶቹ ዛሬ ጎረቤቶቻችን ናቸው። የብላቴን ልጆች ሲጫወቱ የሰማ ያውቃል፤ ቀልዱ ሞልቷል፤ የጠፋው ጽሑፉ ነው።

በሌላ በኩል ዛሬ በአገር ቤት ተመራቂዎች በመጽሔታቸው ላይ ከየፎቶግራፋቸው ሥር «ላስት ወርድ» የሚሉትን አጭር የስንብት ቃል ያሰፍራሉ፤ ቀልድ ይበዛበታል። ብዙ ሊቃውንት ይንቁታል፤ እኛ አንንቅም። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በትግራይ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ጦርነት የትምህርት ዓመታትን ሲበላ ያየ ተማሪ «የመጨረሻ ቃል» በሚል አርእስት ሥር መቀለዱ ቀላል ድፍረት አይደለም። ከ1943ቱ አሜሪካዊ ልጅ የሚለየውም ጦርነቱ ባሕር ማዶ ሳይሆን መንደሩ ውስጥ በመሆኑ ነው።

እኛስ? የስደቱን መጽሔቶች፣ ይህንንም ጨምሮ፣ ገልጠን ስናይ ለታናናሾቻችን የተውነው ትልልቁን ብቻ ነው፤ ዓላማን፣ መሥዋዕትን፣ የወደቁትን ስም። ወንበር የተወ የለም። ታናሹም ይህን ክብደት ተሸክሞ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። እዚህ ላይ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያልታሰበ የሂስ መሣሪያ ያቀብለናል። ሕጉ ሦስት ዓይነት ኑዛዜ ያውቃል፤ በምስክሮች ፊት የሚነበብ በግልጽ የሚደረግ፣ ተናዛዡ በእጁ የሚጽፈው፣ እና የቃል። የቃል ኑዛዜ ሞት መቃረቡን ያወቀ ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው፤ ተናዛዡ ከተናገረ በኋላ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ግን ይፈርሳል። በ1967ና በ1983 ዓ.ም. ሞት በቀረበ ጊዜ ለጓደኛ ጆሮ የተነገረው ሁሉ፣ ተናጋሪው ተርፎ ጆርጂያ ጎዳና ላይ ቡና እየጠጣ ከሆነ፣ በሕግ ፊት ዋጋ የለውም። የተረፈ ሰው እንደ አዲስ መናዘዝ አለበት፤ አሁን ግን የቀረው መንገድ በእጅ መጻፍ ነው።

ስለዚህ ለሚቀጥለው እትም አንባቢዎቻችን የስንብት ኑዛዜያቸውን እንዲልኩልን እንጠይቃለን። በሌሊት የመኪና ማቆሚያ ጎጆ ውስጥ በሁለት መኪና መካከል ኬሚስትሪ የሚጠናበትን ስልት ማውረስ ይቻላል፤ የታክሲ የኋላ መቀመጫን እንደ ቤተ መጻሕፍት፣ በአንድ ድስት ሽሮ አምስት ሰው የማሳደርን ጥበብ፣ ኤምባሲ በር ላይ በብርድ የመቆምን ልምድም እንዲሁ። ፓርክ ተብሎ የተሰጠን የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ትእዛዝ መናፈሻ መስሎን የሄድንበትን ታሪክ የሚፈልግ ካለ እኛ ራሳችን እናወርሰዋለን። ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ርግማን አይኑርበት። ያው ሕግ በቃል ኑዛዜ ላይ እንደ ደነገገው፣ የእያንዳንዱ ስጦታ ዋጋም ከ500 ብር አይብለጥ።