«ደህና ነኝ፣ ይመስገን»፦ የኦኩፔሽናል ቴራፒ መጻሕፍት ያልጠበቁት መልስ

ኦኩፔሽናል ቴራፒን «የሙያ ሕክምና» ብለው ወደ አማርኛ የሚመልሱ አሉ። ይህን የሰማ ሰው ወዲያው የሚያስበው የመሥሪያ ቤት ክሊኒክ ነው። ዘርፉ ግን የያዘው ሌላ ነገር ነው። ስትሮክ ግራ እጁን ያሰነፈበት ሰው ሸሚዙን እንዴት ይቆልፋል? በአእምሮ ሕመም ለወራት ከቤት ያልወጣች ሴት ተመልሳ ገበያ እንዴት ትሄዳለች? ሰው ቀኑን የሚያሳልፍባቸው ተራ ተግባራት እዚህ የሕክምናው ግብም መሣሪያም ናቸው። እግረ መንገዴን ልበልና፣ እናቶቻችን «ልጅቷ ሙያ አላት» ሲሉ የሚያስቡት፣ ወጥ መሥራቱ፣ ቤት መያዙ፣ እንግዳ መቀበሉ፣ ከመሥሪያ ቤቱ «ሙያ» ይልቅ ለዘርፉ ሐሳብ የሚቀርብ ይመስለኛል።

ዘርፉ ለአገራችን አዲስ ነው። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የዲግሪ ፕሮግራም ከፍቷል። አዲስ ሙያ ሲገባ ደግሞ መጻሕፍቱም አብረው ይገባሉ። ስለ ጡንቻና ነርቭ የተጻፈው መጽሐፍ የትም ቢነበብ ብዙም አያስቸግርም፤ ጡንቻ አገር አይለይም። ከታካሚ ጋር ስለ መነጋገርና ቡድን ስለ መምራት የተጻፈው ግን የጸሐፊውን አገር አነጋገር ተሸክሞ ይመጣል። በዚህ ጽሑፍ በዘርፉ በሰፊው የሚነበቡ ሁለት መጻሕፍትን ከዚህ አንፃር ልመዝናቸው ነው።

የመጀመሪያው ሬኔ ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት «ዘ ኢንቴንሽናል ሪሌሽንሺፕ» ነው። ባለሙያው ከታካሚው ጋር የሚገናኝባቸውን ስድስት መንገዶች ያስቀምጣል፦ ለታካሚው መብት መቆም፣ አብሮ መወሰን፣ ስሜቱን መረዳት፣ ማበረታታት፣ ማስተማርና ችግር መፍታት። መጽሐፉን የምወደው ግን ለዝርዝሩ ብዬ አይደለም። ቴይለር ከስድስቱ አንዱንም «ትክክለኛው ይኼ ነው» አይሉም። ሁላችንም በተፈጥሯችን የምናዘነብልበት መንገድ አለ፤ ክህሎቱ ያለው እንደ ታካሚው ሁኔታ ከአንዱ ወደ ሌላው መዞሩ ላይ ነው ይላሉ። ከዚህም አልፈው በሕክምና መሐል መቀያየም፣ ማልቀስ፣ መቆጣት፣ ዝም ማለት የማይቀሩ ነገሮች መሆናቸውን በግልጽ ይናገራሉ። ባለሙያው አይቶ እንዳላየ ካለፈው ግንኙነቱ ይሻክራል፤ አይቶ በአግባቡ ከመለሰበት ግን ያው ነገር መተማመንን ሊያጠነክር ይችላል። ሁልጊዜ ፈገግ በሉ ብቻ ከሚል የመስተንግዶ ሥልጠና ይህ በእጅጉ ይሻላል።

ቴይለርና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ ባለሙያዎች ላይ ያካሄዱትን አገር አቀፍ ጥናት አሳትመው ነበር። አብዛኞቹ መላሾች ይህን ክህሎት ከፍ አድርገው ሲያዩት፣ አብዛኞቹ ደግሞ በቂ ሥልጠና አላገኘንበትም ብለዋል። እንግዲህ እዚያ፣ መጽሐፉ በተጻፈበት ቋንቋ የሚማሩት እንዲህ ካሉ፣ በእንግሊዝኛ ተምሮ በአማርኛ የሚያክመው ተማሪ ምን ይበል?

ሁለተኛው የማሪሊን ኮል «ግሩፕ ዳይናሚክስ ኢን ኦኩፔሽናል ቴራፒ» ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ወጥቶ ደጋግሞ ታትሟል። ኮል የቡድን ክፍለ ጊዜን በሰባት ደረጃ ይከፍሉታል፦ መግቢያ፣ ተግባሩ፣ የሠሩትን ለሌሎች ማካፈል፣ ስለ ስሜት መነጋገር፣ ከዚያ ጠቅለል ያለ ትምህርት ማውጣት፣ ትምህርቱን ከራስ ኑሮ ጋር ማያያዝ፣ ማሳረጊያ። ለጀማሪ አወያይ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ቡድን ፊት ቆሞ «አሁን ደግሞ ምን ልበል?» ብሎ ላብ ያጠመቀው ሰው ዋጋውን ያውቃል። ግን እስቲ ቁጠሩት። ከሰባቱ ደረጃዎች እጅ የሚሠራበት አንዱ ብቻ ነው። የቀሩት በአፍ የሚሠሩ ናቸው።

አንድ ጠዋት እናስብ። ስምንት ታካሚዎች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። የቀን ውሏቸውን በወረቀት ሥለው ጨርሰዋል። አወያይዋ የ24 ዓመት ወጣት ናት። «እስቲ እንዴት አገኛችሁት?» ትላለች። ዓይኖች ሁሉ በዕድሜ ወደሚበልጡት አዛውንት ይዞራሉ። እሳቸውም «በጣም ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልን ልጄ» ይላሉ። ቀጣዩ «እኔም እንደ ጋሼ» ይላል። ሦስተኛዋ ነጠላዋን እያስተካከለች «ደህና ነኝ፣ ይመስገን»። እንዲህ እንዲህ እያለ ስምንቱም ይዳረሳል። መዝገቡ ላይ «ሁሉም ተሳትፏል» ተብሎ ይጻፋል። የአዛውንቱ ቀኝ እጅ ግን እርሳሱን መያዝ አቅቶት ሥዕሉን በግራቸው እንደነገሩ እንደጨረሱ የሚያውቅ የለም። ቤታቸው ሲገቡ ማንም የማያውቀውን እጅ ማንም አያሠራላቸውም።

ይህን ይሉኝታ ብለን አንድ ቃል ሰጥተነዋል፤ መጽሐፎቹ ግን ስም የላቸውም። ቴይለር ባለሙያው ከታካሚው ባሕርይ ሊያስተውላቸው የሚገቡ ነጥቦችን ሲዘረዝሩ ፍላጎትን የመናገር አቅምን አንዱ ያደርጉታል። በዚያ ዓይን ከታየ የአዛውንቱ ዝምታ የአቅም ማነስ ይሆናል። እሳቸው ግን አቅም አላነሳቸውም። ከልጃቸው በምታንስ ባለሙያ ፊት፣ በሰባት እንግዳ ሰው መሐል፣ የደከመችበትን ነገር «አልሆነልኝም» ብሎ ማሳፈር ነውር ስለሆነባቸው ነው። ይሉኝታ ሌላውን ሰው የማስቀደም ብርቱ ክህሎት ነው፤ እዚህ ቦታ ታካሚውን ይጎዳል እንጂ። የተጎዳ አቅምና ያለ ቦታው የዋለ ክህሎት ደግሞ መድኃኒታቸው ለየቅል ነው። አንደኛውን ለማከም ሰውየውን «ራስህን ግለጽ» ብለህ ታሠለጥናለህ። ለሁለተኛው የምትቀይረው ጥያቄህን ነው።

የቋንቋው ነገርም አለ። በእንግሊዝኛ ተምሮ የመጣ ተማሪ «ይህ ምን እንዲሰማዎት አደረገ?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምታችሁ ይሆናል። ሰዋስው አልጎደለውም፤ ግን የተተረጎመ ፊልም ይመስላል። የኛ ሰው ስሜቱን ሆዱና አንጀቱ ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ አንጀቴን በላው፣ ከፋኝ። እነዚህ ቃላት የሚወጡት ደግሞ በቀጥታ ሲጠየቁ አይደለም፤ ሰሚው «እህ» እያለ ሲቀበል ነው። የሰውነት ምልክትም እንዲሁ ነው። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ማለት እኛ ዘንድ ተራ ስምምነት ነው፤ የማያውቅ ሰው ድንጋጤ ወይም ሲቃ ሊለው ይችላል። ዓይን ማቀርቀርም ሁልጊዜ ድብርት አይደለም፤ አክብሮት ሊሆን ይችላል።

ስለ አንተና እርስዎ አንድ ቃል ልጨምር። እንግሊዝኛው ለሁሉም አንድ «ዩ» ስላለው «አብሮ መወሰን» የሚለው መንገድ ከሰላምታው ጀምሮ እኩልነትን ታሳቢ አድርጎ ይነሳል። ወጣቷ ባለሙያ «እማማ» ስትል ግን ቅርበቱም ደረጃውም በአንድ ቃል ይመጣል። እማማም «ልጄ» ሲሏት ይወዷታል፤ ግን እማማን ማረም ይከብዳል፣ ልጄንም እምቢ ማለት ይከብዳል። «እማማ»ን ትተን «ወይዘሮ እገሊት» እንበል ማለቴ እንዳይመስላችሁ፤ እሱማ በረዶ ነው። ቃሉ ምን እንደሚከፍትና ምን እንደሚዘጋ ባለሙያዋ ትወቅ ነው የምለው።

የሚገርመው መፍትሔው ከዚያው ከዘርፉ ታሪክ ውስጥ መገኘቱ ነው። ጌል ፊድለር ሳይካትሪስት ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት መጽሐፍ ኦኩፔሽናል ቴራፒን ራሱን የመግባቢያ ሂደት ብለው ነበር የጠሩት። ሰው ከዕቃው ጋር የሚያደርገው ነገር፣ ምን መረጠ፣ የቱ ጋ ቆመ፣ ምን ጣለ፣ ያለ ቃል ይናገራል ማለታቸው ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ከዚያ ወዲህ የቡድን ትምህርቱ ከሳይኮቴራፒ ብዙ ተበድሮ የመግባቢያውን ክብደት ወደ ውይይቱ ማዞሩ ነው።

አን ሞዜይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ቡድኖችን በአምስት ደረጃ ከፍለዋቸዋል። ታችኛው ጎን ለጎን የሚሠራበት ቡድን ነው፦ ሁሉም የየራሱን ይሠራል፣ ብዙ መነጋገር አያስፈልግም። ላይኛው አባላቱ ራሳቸው የሚመሩትና የሌላውን ስሜት የሚንከባከቡበት የበሰለ ቡድን ነው። ክፍፍሉ ጠቃሚ ነው፤ የታካሚውን የመግባባት አቅም አይቶ የሚመጥነውን ቡድን ለመምረጥ ይረዳል። መሰላልነቱን ግን አልቀበለውም። ሐሳቡ ከልጅ ዕድገት የተቀዳ ስለሆነ፣ ጎን ለጎን ዝም ብሎ መሥራት የልጅነት ደረጃ ይመስላል። ጥጥ የሚፈትሉ ሦስት ጎረቤታሞችን ያየ ሰው እንዲህ አይልም። እጅ ሥራ ሲይዝ ዓይን ለዓይን መተያየት ይቀራል፤ ያኔ ነው ከባዱ ነገር ቀስ ብሎ የሚወጣው።

«ታዲያ ቡናችን አለልን!» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። አለን፣ ግን ቀስ እንበል። ቡና ማፍላት ለኦኩፔሽናል ቴራፒስት የተሟላ የሥራ ዝርዝር ነው። ማጠቡ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ መውቀጡ የትከሻ ጉልበትና የዓይንና እጅ ቅንጅት ይጠይቃል፤ ከጀበና መቅዳት የእጅ አንጓን በልክ ማዞርን ያሠለጥናል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ ቅደም ተከተል መጠበቅ ለትኩረትና ለትውስታ ልምምድ ነው። በሌላ በኩል ከሰል አለ። የሚጥል በሽታ ላለበት ወይም ስትሮክ የእጁን ስሜት ላደነዘዘበት ሰው እሳት ዳር መቀመጥ ቀልድ አይደለም፤ ማፍላቱን ለሌላ ሰጥቶ መልቀሙን ወይም ማጠቡን ለእሱ መስጠት ይቻላል። ቡድኑ ውስጥ አንድ ሴት ብቻ ካለች ደግሞ እሷ አፍልታ ወንዶቹ ተቀምጠው ይታከማሉ፤ ይሄ ሕክምና ሳይሆን ያው የቤቱ ሥራ ነው። የቡና ወሬ ሰፈር እንደሚያዳርስም የሚጠፋን ሰው የለም። ቡድኑ ከአንድ ቀበሌ የተሰበሰበ ከሆነ ስለ ምስጢር የሚደረገው ስምምነት ሲኒ ከመቅረቡ በፊት መሆን አለበት።

ስለዚህ የኮልን ሰባት ደረጃዎች አልጥልም፤ መጠኑን እቀይራለሁ። ተግባሩ ይርዘም፣ አወያይዋም በዚያ ጊዜ ወረቀቷን ትታ እጆችን ትመልከት። ውይይቱ ሲደርስ ጥያቄው ከሰውየው ወደ ዕቃው ይዙር። «እንዴት አገኙት?» ሲባሉ አዛውንቱ ከማመስገን ሌላ መውጫ የላቸውም። «ከዚህ ሥራ የቱ ጋ ነው እጅ የሚያስቸግረው?» ከተባሉ ግን ጥፋቱ የእርሳሱ ወይም የጀበናው ስለሚሆን ማንንም ሳያሳፍሩ መናገር ይችላሉ። ወይም ምክር ይጠየቁ፦ «ጋሼ፣ እጁ እንደ እርስዎ የሆነ ሌላ ሰው ነገ ቢመጣ ምን ብለው ይመክሩታል?» በሳምንቱ ደግሞ የሚጠየቁት «ተሻለዎት?» ተብለው አይሁን። አንድ ቁልፍ ያለው ሸሚዝ ይቀርብላቸውና አጠገባቸው ቁጭ ብላ የራሷን ሥራ እየሠራች ትያቸው።