በአውራ ጣት ልክ

ብልቃጧ ቁመቷ ከአመልካች ጣት አይበልጥም። አንገቷ በስስ አሉሚኒየም ተጠምጥሟል፤ መሐሉ ላይ መርፌ የሚበሳው የጎማ ክዳን አለ። ውስጧ ያለው 10 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ቀለም የለውም፤ ወደ ብርሃን ቢይዙት ከውሃ አይለይም። በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ኬታሚን ስላለ፣ አንዲት ብልቃጥ 500 ሚሊ ግራም ትይዛለች። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው የተሰበረ ክንዱ ተስቦ እስኪገጣጠም ድረስ ሕመሙን እንዳይሰማ ለማድረግ ግን 60 ሚሊ ግራም ያህል ለመነሻ ይበቃል። ጥበቡ ያለው በ500 እና በ60 መካከል ነው።

በድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር የተሰበረ ክንድ ብርቅ አይደለም። የድሬዳዋ ጎዳና የባጃጅ ነው፤ ባጃጅ ደግሞ ሲገለበጥ ሰው መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን ነው። አንዳንዱ ወደ ወጌሻ ይሄዳል፣ ጥርሱን ነክሶ ይጎተትለታል። አንዳንዱ ወደ ሳቢያን ሆስፒታል ወይም ወደ ድል ጮራ ይወሰዳል። እዚያ ከሐኪሙ በፊት አልጋው ራስጌ ላይ የምትቆም ባለሙያ አለች። በአገራችን ይህን ሥራ በብዛት የሚሠሩት በጎንደር፣ በጅማና በሌሎች ትምህርት ቤቶች ለዚሁ ሙያ የሠለጠኑ አንስቴቲስቶች ናቸው። በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው እጅ የእነሱ እጅ ነው።

ሥራው የሚጀምረው፣ ባይነኩት ከሚመረጠው ዕቃ ነው። በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጠውን አምቡ ባግ ታነሣለች፤ መውጫውን በመዳፏ ደፍና ትጨምቀዋለች። እጇን ገፍቶ ከመለሰ አየር አያፈስም። የመምጠጫውን ቱቦ ጫፍ በጣቷ ትዘጋና ድምፁ ሲለወጥ ታዳምጣለች። የኦክስጅኑን መቆጣጠሪያ ከፍታ ትዘጋለች። ለበሽተኛው ፊት የሚስማማ መጠን እንዳይታጣ ጭምብሎቹን ትደረድራለች። ይህ ሁሉ ሲሆን በሽተኛው ገና አልገባም። ቢገባ እነዚህን ዕቃዎች የሚያያቸው እንደ ክፍሉ ጌጥ ነው፤ እሷ ግን ዓይኗን ጨፍና እጇን ብትሰድ የምታገኛቸው ቦታ ላይ አስቀምጣቸዋለች።

ከዚያ ስሪንጆቹ ይከተላሉ። ባለ 10 ሚሊ ሊትሩን ታነሣና ከብልቃጧ 2 ሚሊ ሊትር ትስባለች። ቀሪውን 8 በንጹሕ ጨዋማ ውሃ ትሞላዋለች። ስሪንጁን ሽቅብ አቁማ በጥፍሯ ኳ ኳ ታደርገዋለች፤ አረፋዎቹ ይሰበሰባሉ፣ ገፍታ ታስወጣቸዋለች። አሁን እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም ነው። 60 ሚሊ ግራም ማለት 6 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ስሌቱ በድካምም በጥድፊያም የማይሳሳት ዓይነት ነው። ትልቁ ጥቅም ግን ሌላ ነው። ሳይቀጥን ቢሆን ኖሮ ያው መጠን 1.2 ሚሊ ሊትር ብቻ ነበር፤ አውራ ጣት ትንሽ ቢዳልጥ ያልቃል። ሲቀጥን የመግፊያው ጉዞ አምስት እጥፍ ይረዝማል። ለአውራ ጣቷ የምትሠራበት ሜዳ አዘጋጀች ማለት ነው።

በነጭ ፕላስተር ላይ የመድኃኒቱን ስምና ልኩን ጽፋ ትለጥፋለች። ጎን ለጎን አትሮፒን የያዘ ሌላ ስሪንጅ ተኝቷል፤ ኬታሚን ምራቅ ያበዛልና እሱን ለማድረቅ ነው። ማረጋጊያው ዳያዜፓምም አለ። ኬታሚኑና አትሮፒኑ ሁለቱም ውሃ ስለሚመስሉ፣ ያቺን ቁራጭ ፕላስተር ማንም ባለሙያ አይዘላትም።

በሽተኛው ሲገባ ጥያቄው ይጀምራል። መቼ በላህ? ምን ጠጣህ? ለጠጣር ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ለውሃ 2 ሰዓት ያህል ይጠበቃል፤ ሰው ሲደነዝዝ ከሆድ የተመለሰ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል። ድሬዳዋ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፤ “ጫትስ?” የምትጠይቀው ለመውቀስ አይደለም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ኬታሚንም እንዲሁ። ከቀትር በኋላ በርጫ ላይ የቆየ ሰው ልቡ ቀድሞ እየሮጠ ነው የሚደርሳት። መልሱ ልኩን ይለውጣል፣ አንዳንዴ ሰዓቱንም።

አጠያየቋም የሥራው አካል ነው። ድሬ “አንቱ” ብዙ የማይነገርባት ከተማ ናት፤ በዕድሜ አባቷ የሚሆን ሰው “አንተ” ስትለው ቅር አይለውም። አማርኛው ካልሄደ ወደ ኦሮምኛ ወይም ወደ ሶማሊኛ ትሻገራለች። “አብሽር” ትለዋለች። ኬታሚን ሰውን ወደ ሕልም መሰል ነገር ይወስዳል፤ ፈርቶ የገባ ሰው ሕልሙ አስፈሪ ሊሆን ይችላል፣ ተረጋግቶ የገባ ይቀለዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሙያ መድኃኒቱን ከመስጠቷ በፊት ደስ የሚል ነገር እንዲያስብ ትነግረዋለች። የልጆቹን ስም ትጠይቀዋለች። ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመርፌው በፊት የተሰጠ የመጀመሪያ መጠን ነው።

ካኑላው ሮዝ ነው፤ ሮዝ ማለት ቁጥር 20፣ ውፍረቱ 1.1 ሚሊ ሜትር ገደማ። ደህነኛው እጅ ላይ ነው የሚገባው። ብረቱ ቆዳውን ሲበሳ ከኋላው ባለችው ትንሽ ክፍል ውስጥ የደም ጠብታ ብቅ ትላለች። እዚያ ላይ እጇ ይቆማል። ብረቱ ሳይገፋ ፕላስቲኩ ብቻ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ከዚያ ብረቱ ይወጣል። በደም ሥሩ ውስጥ የሚቀረው ለስላሳ ቱቦ ነው።

ጣት ላይ የምትቆነጠጠው ፐልስ ኦክሲሜትር ሁለት ብርሃን አላት፤ አንዱ ቀይ፣ ሌላው ለዓይን የማይታይ ታኅታይ ቀይ። ኦክስጅን የተሸከመ ደምና ያልተሸከመ ደም ሁለቱን ብርሃናት እኩል አይውጧቸውም፤ ከልዩነቱ መቶኛው ይሰላል። ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ ይህን ሐሳብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። ድሬዳዋ ላይ የሴቶች ጣት ብዙ ጊዜ ሂና አለው። ቀዩ ሂና እምብዛም አያውክም፤ ጥቁሩ ግን ብርሃኑን ሊጋርድ ይችላል፤ ያኔ መሣሪያዋ ወደ ጆሮ ጫፍ ትዛወራለች። ከሁሉ የማደንቀው ድምፁን ነው። በየልብ ምቱ ጢጥ ይላል፤ ኦክስጅኑ ሲወርድ ድምፁም አብሮ ይወፍራል። ባለሙያዋ ዓይኗ በሽተኛው ደረት ላይ፣ እጇ ስሪንጁ ላይ ሆኖ ቁጥሩን በጆሮዋ ታነባለች።

አሁን አውራ ጣቷ መግፊያው ላይ አርፏል። የምትገፋው ጀበና አዘንብላ አተላው ሳይከተል ቡና እንደምትቀዳ ሴት ነው፤ ቀስ ብላ፣ ሳታቋርጥ። 6 ሚሊ ሊትሩ አንድ ደቂቃ ያህል ይፈጅባታል። በጥድፊያ ቢገባ በሽተኛው ለጊዜው መተንፈስ ሊያቆም ይችላል። ያቺ አንድ ደቂቃ ከውጭ ሲያዩዋት ምንም የማይሠራባት ትመስላለች።

ከውስጥ ግን ሌላ ነው። እኔ ትከሻዬ ወልቆ በዚህ መድኃኒት ሥር ስተኛ መጀመሪያ የተለወጠው ከንፈሬ ነበር፤ ወፈረብኝ። ቀጥሎ ጆሮዬ ውስጥ እዝዝ የሚል ነገር መጣ። የኮርኒሱ መጋጠሚያ መስመር ከቦታው ተነሥቶ መጓዝ ጀመረ። ሰዎቹ ሲነጋገሩ ቃላቱን እሰማለሁ፣ ነገር ግን ወሬው የሌላ ሰው ጉዳይ ነው። አንድ ሰው እጄን ይዟል፤ እጁ የማን እንደሆነ፣ የያዘውስ የማንን እጅ እንደሆነ አላውቅም። ፍርሃት ነበረ፣ የሚፈራው ሰው ግን አልነበረም። ከዚያ ቀለምና ማዕዘን ብቻ ቀረ። እንቅልፍ አልነበረም። እንቅልፍ ሰውን ከነሰውነቱ ይወስዳል፤ ይህ ሰውነትን አልጋው ላይ ትቶ የሚሄድ ነው።

ከውጭ የሚታየውም ይህንኑ ይመስላል። ዓይኖቹ ክፍት ናቸው፤ ብሌኖቹ ቀስ እያሉ ወደ ጎን ይዋኛሉ። ይተነፍሳል፣ ምራቁን ይውጣል። አጠገቡ የቆመ ዘመድ “ነቅቷል እኮ!” ብሎ ይደነግጣል፤ ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ አስቀድማ ትነግረዋለች። መድኃኒቱ በአንጎል ውስጥ ኤን ኤም ዲ ኤ የሚባሉትን ተቀባዮች ይዘጋል። ከሰውነት የሚመጣው መልእክት ተገጣጥሞ “ይህ እኔ ነኝ፣ ያመኛል” የሚል ነገር መሆኑ ይቀራል። የመተንፈሻው ሥርዓት ግን በአመዛኙ አይነካም። በኬታሚን አሠራር ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ይመስለኛል፤ ብዙውን ነክቶ ዋናውን መተዉ።

ኬታሚንን እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራው ካልቪን ስቲቨንስ ነው፣ ለአሜሪካው ፓርክ ዴቪስ ኩባንያ። ኤድዋርድ ዶሚኖና ጉንተር ኮርሰን በ1964 ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ሞከሩት፤ በ1970 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1985 ጀምሮ ከመሠረታዊ መድኃኒቶች መካከል ይዘረዝረዋል። በ2015 ቻይና በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ ሐሳብ ስታቀርብ፣ የድሃ አገሮች ቀዶ ሕክምና ይቆማል የሚል ተቃውሞ ተነሥቶ ሐሳቡ ሳይጸድቅ ቀረ። ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ውስብስብ ማሽን የግድ አይልም። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሐኪሙ ሥራውን ይጨርሳል፤ ይስባል፣ ያጎብጣል፣ ይጫናል፣ አጥንቱ ቦታው ይገባል፣ እርጥቡ ጄሶ ይጠመጠማል። መድኃኒቱ የሚሠራው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ስለሆነ ስብራቱ እምቢ ካለ 3 ሚሊ ሊትር ትጨምራለች። ነገር ግን የምትጨምረው ጄሶው ስንት ደቂቃ እንደቀረው ሐኪሙን ጠይቃ ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ማደንዘዝ ቀላል ነው፤ ጎበዝ የምትባለው በሚበቃው ላይ የምታቆም ናት።

መመለሱም ልክ አለው። ድምፅ ይቀንሳል፣ ማንም ጉንጩን አይመታም፣ ስሙን እየጮኸ አይጠራም። ቢያስመልሰው እንዳያንቀው ወደ ጎኑ ይተኛል። መጀመሪያ የሚመለሰው መስማት ነው፤ ከዚያ ክብደት፣ ከዚያ እጅና እግር። “ተጀመረ?” ብሎ ይጠይቃል። “አልቋል” ይሉታል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ያንኑ ይጠይቃል። እሷም እንደ አዲስ ትመልስለታለች።

ለዚሁ ሥራ የሚውል፣ መልኩ ነጭ የሆነ ሌላ መድኃኒትም አለ፤ ፕሮፖፎል። ራሱ በውሃ አይሟሟም። እንግሊዛዊው ኩባንያ አይ ሲ አይ ውስጥ ጆን ግሌን የመራው ሥራ በአኩሪ አተር ዘይትና በእንቁላል ሌሲቲን አዋህዶ እንደ ወተት አደረገው፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ለገበያ ቀረበ። ሲገባ ክንድን ሽቅብ ያቃጥላል፤ ማደንዘዣው ሊዶካይን የሚቀድመው ለዚህ ነው። ከዚያ እንደ ኬታሚኑ ያለ ሕልምና ቀለም የለም፤ ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ ይቆረጣል። ሲነሡ ደግሞ ጭንቅላት ጥርት ይላል። በዚህ መድኃኒት ግን ትንፋሽ በቀላሉ ይቆማልና የሚሰጥ ሰው ትንፋሽን በእጁ ለመተካት የተዘጋጀ መሆን አለበት። ዘይቱ ለባክቴሪያ ምግብ ስለሆነ ስሪንጅ ውስጥ የገባው በሰዓታት ውስጥ ያልቃል ወይም ይደፋል። ከ25 ዲግሪ በላይ መቀመጥም አይወድም፤ የድሬዳዋ ቀትር ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ፕሮፖፎል የተዋበ ነው፤ ለሳቢያን ግን የምመርጠው ኬታሚንን ነው።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ቀን እዚያ አልጋ ላይ ብትተኛ ወይም ዘመድህን ብታስተኛ፣ ራስጌህ ላይ የቆመችውን ባለሙያ ስሟን ጠይቃት። የቀዶ ሐኪሙን ስም ሁሉም ይዞ ይወጣል፤ የእሷን የሚይዝ ጥቂት ነው። ምን እንደበላህ፣ መቼ እንደቃምህ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስድ ሳትደብቅ ንገራት፤ ስሪንጇን የምትሞላው ባንተ ቃል ነው። የሚሸኝህ ሰው ይዘህ ና። ለ24 ሰዓት መሪ አትጨብጥ፣ ውልም አትፈርም።