የገነቡትና የተሸለሙት፦ «ፎርድ ቪ ፌራሪ»ን ከሶዶ ሆኖ ማየት

በስፖርት ውስጥ ከባዱ በደል የሚፈጸመው ብዙ ጊዜ ውድድሩ ካለቀ በኋላ፣ ታሪኩ ሲነገር ነው። ለወራት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የከረመው፣ ቡድኑን ከምንም ተነሥቶ ያቆመው ሰው ከመድረኩ ይወርድና ስሙ በሌላ ስም ይሸፈናል። ጄምስ ማንጎልድ እ.ኤ.አ. በ2019 ያቀረበው «ፎርድ ቪ ፌራሪ» የተሰኘው ፊልም ይህን በደል ለመካስ የተነሣ ሥራ ነው። ግማሹን ክሷል፤ ግማሹን ግን በሌሎች ሰዎች ላይ ራሱ ደግሞታል። ፊልሙን በዚህ ዓይን የማየው ወላይታ ሶዶ ውስጥም በቅጡ ሊነገር የሚገባው የቡድን ታሪክ ስላለ፣ ነገ የሚነግረው ሰውም ከዚህ ሥራ ብርታትም ስሕተትም ሊማር ስለሚችል ነው።

ታሪኩ የሚጀምረው ከንግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የአሜሪካው ፎርድ ኩባንያ የጣሊያኑን ፌራሪ ለመግዛት ይደራደራል። ኤንዞ ፌራሪ የውድድር ቡድኑን የማዘዝ ሥልጣን ከእጁ ሊወጣ መሆኑን ሲያይ ድርድሩን ያፈርሰዋል። የተናደደው ዳግማዊ ሄንሪ ፎርድ ፌራሪን በፈረንሳዩ የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ላይ አሸንፋለሁ ብሎ ይነሣል። ሥራው በ1959 ሌ ማንን በሾፌርነት አሸንፎ በልብ ሕመም ምክንያት መሪውን ለለቀቀው ካሮል ሼልቢ ይሰጣል። ሼልቢ ደግሞ ኬን ማይልስን ይመርጣል፤ ማይልስ እንግሊዝ ተወልዶ ካሊፎርኒያ የኖረ፣ መካኒክም ሾፌርም የሆነ፣ አንደበቱ የማይመች ሰው ነው። ሼልቢን ማት ዴመን፣ ማይልስን ክርስቲያን ቤል ይጫወቷቸዋል።

የፊልሙ ትልቁ ብርታት ሥራን ማክበሩ ነው። ብዙ የመኪና ፊልሞች ፍጥነትን ብቻ ያሳያሉ። ማንጎልድ ግን ፍጥነቱ ከየት እንደመጣ ያሳያል። ሰባት ሊትር ሞተር የተሸከመው የፎርድ መኪና ረጅሙን ቀጥ ያለ መንገድ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርበትና መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ፍሬኑ እሳት ይሆናል። ያ የፍሬን ዲስክ 24 ሰዓት አይቆይም። ስለዚህ የሼልቢ ቡድን ባለሙያዎች እነፊል ሬሚንግተን ፍሬኑን ለማጠንከር ከመድከም ይልቅ በውድድሩ መሀል ነቅሎ በአዲስ በፍጥነት የሚተካበትን ዘዴ ይፈጥራሉ። ይህ በእውነትም የተደረገ ነው፤ በፊልሙም ውስጥ ከየትኛውም የመቀዳደም ትንቅንቅ ያላነሰ ልብ ይሰቅላል።

ድምፁም እንዲሁ። ፊልሙ በኦስካር ያሸነፈው በኤዲቲንግና በድምፅ ኤዲቲንግ ነበር፤ ሁለቱም ይገቡታል። ማርሽ ሲቀየር ሞተሩ የሚያወጣውን ድምፅ ተመልካቹ እንደ ንግግር መስማት ይጀምራል። ማይልስ የመኪናውን ሕመም በጆሮው ሲለይ እኛም አብረነው እንለያለን። ሶዶ የመንገድ መጋጠሚያ ከተማ ናት፤ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ ሻሸመኔ፣ ወደ ሳውላ፣ ወደ ዳውሮ የሚሄደው ሁሉ በእሷ ያልፋል። ሞተር በጆሮ የሚመረምር መካኒክ ለሶዶ ሰው እንግዳ አይደለም። ይህ ፊልም ለእንዲህ ያለው ባለሙያ ክብር ይሰጣል፤ ዘይት የነካው እጅ እንደሚያስብ ያሳያል። እንዲህ ያለ ክብር በሲኒማ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

ከትዕይንቶቹ ሁሉ የማልረሳው ማይልስ ከልጁ ከፒተር ጋር የመሞከሪያው አስፋልት ላይ ተቀምጦ አንድም ስሕተት የሌለበት ዙር ምን እንደሚመስል የሚያወጋበትን ነው። ስለ ድል አንድም ቃል አይነሣበትም፤ ሥራን አጥርቶ ስለመሥራት ብቻ ነው። ቤል ይህን ሲጫወት ሰውየው ለምን ከአለቆች ጋር እንደማይስማማ ያለ ማብራሪያ ይገባናል። ሚስቱ ሞሊም ሳታውቀው የተደበቀባትን ነገር ለማወጣጣት መኪናውን እንደ እብድ ስትነዳው፣ ከዳር ቆማ የምታጨበጭብ ሚስት ብቻ እንዳልሆነች እናያለን። ይሁንና ከዚህች አንዲት ትዕይንት በቀር ፊልሙ ለእሷ የሚሰጣት ቦታ ጠባብ ነው።

ወደ ጉድለቱ ስመጣ፣ ነገሩ በሦስት ነጥቦች ይታያል። አንደኛው የዓመቱ ነው። በፊልሙ ማይልስ በ1965 ወደ ሌ ማን ሳይሄድ ይቀርና ማታ ጋራዥ ውስጥ ሆኖ ውድድሩን በሬዲዮ ይሰማል። እውነተኛው ማይልስ ግን በዚያ ዓመት ከብሩስ ማክላረን ጋር ሌ ማን ላይ ነድቷል፤ መኪናቸው ካምቢዮው ተበላሽቶ ወጣ። ፊልሙ ይህን የቀየረው ሰውየውን ይበልጥ የተገፋ ለማስመሰል ነው። በእኔ አስተያየት ግን እውነቱ ይሻል ነበር፤ ሄዶ፣ ሞክሮ፣ ተሸንፎ፣ ተመልሶ ያንኑ ካምቢዮ መፍታት ከመቅረት የበለጠ ታሪክ ነው።

ሁለተኛው የሰዎቹ ነው። በ24 ሰዓት ውድድር አንድ ሰው ብቻውን አይነዳም። በ1966 ከማይልስ ጋር መሪውን የተጋራው የኒውዚላንዱ ዴኒ ሃልም በፊልሙ ውስጥ በጨረፍታ ታይቶ ያልፋል። በዚያው ዓመት ማይልስ የዴይቶናን የ24 ሰዓትና የሲብሪንግን የ12 ሰዓት ውድድር ያሸነፈው ከሎይድ ሩቢ ጋር ነበር። ፎርድ ለ1966ቱ ሌ ማን ያሰለፋቸው ስምንት መኪናዎችም ሁሉም የሼልቢ አልነበሩም፤ ሦስቱን የሆልማንና ሙዲ ቡድን፣ ሁለቱን የአለን ማን ቡድን አዘጋጅተዋቸዋል። ሦስተኛ ሆኖ የገባው መኪናም የሆልማንና ሙዲ ነበር። የተዘነጋን ሰው ለማስታወስ የተሠራ ፊልም ሌሎች የደከሙትን ሲያስረሳ ያሳዝናል።

ሦስተኛው የክፉው ሰው ነው። ሊዮ ቢቢ የፎርድን የውድድር ሥራ የመራ እውነተኛ ሰው ነው፤ በ1966 መሪዎቹ ሦስት የፎርድ መኪናዎች አብረው የመጨረሻውን መስመር እንዲያልፉ በተሰጠው ውሳኔም እጁ ነበረበት። ፊልሙ ግን ማይልስን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያሳደደ የሚያጠቃ ጠላት አድርጎ ይሥለዋል። እንዲህ ሲደረግ ጥፋቱ ሁሉ የአንድ ሰው ክፋት ይሆንና ትልቁ ጥያቄ ይድበሰበሳል። የ1966ቱን ውሳኔ ለመረዳት ኩባንያው ሦስት መኪና ጎን ለጎን የሚታይበትን ፎቶ ለምን እንደፈለገ ማወቅ ይበቃል። ገንዘቡን ያወጣው ኩባንያ በፎቶው ላይ መኪናዎቹን ማየት ይፈልጋል፤ የሾፌሩ ስም ለኩባንያው ሁለተኛ ነገር ነው። ይህ የቡድን ስፖርት ሁሉ ችግር ነው። ቢቢን ሰይጣን ማድረግ ይህን አያስረዳም።

ፍጻሜው ግን ከእነዚህ ሁሉ ጉድለቶች በላይ የቆመ ነው። ማይልስ ውድድሩን ይመራ ነበር። ታዘዘ፤ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሌሎቹ ደረሱበት። ከዚያም ሌላውን የፎርድ መኪና የነዱት ማክላረንና ክሪስ ኤሞን ሲነሡ ከማይልስ ጥቂት ሜትሮች ወደ ኋላ ስለነበሩ በ24 ሰዓት ውስጥ የበለጠ ርቀት ሸፍነዋል ተባለና አሸናፊ ተብለው ታወጁ። ማይልስ ከሁለት ወር በኋላ ነሐሴ ውስጥ ካሊፎርኒያ ላይ አዲስ መኪና ሲሞክር ሞተ። ሌ ማንን ሳያሸንፍ ቀረ። ፎርድ ግን ከ1966 እስከ 1969 በተከታታይ አራት ጊዜ አሸነፈ። ማንጎልድ ይህን ያለ ጩኸት ይተርከዋል። በዚያ ሰዓት ኤንዞ ፌራሪ ከመድረክ ሆኖ ለማይልስ ባርኔጣውን ሲያነሣ የሚታይበት ትዕይንት ፈጠራ ነው፤ ኤንዞ በዚያ ውድድር ላይ አልነበረም። አያስፈልግም ነበር። የተነጠቀው ሰው ሐቅ፣ ያለ ባላንጣ ምርቃትም ይከብዳል።

ገንቢውና ተሸላሚው የሚለያዩት በሌ ማን ብቻ አይደለም። በአውስትራሊያ የመኪና ውድድር ሕዝቡን በፎርድና በሆልደን ለሁለት የከፈለ ነበር። የሆልደን ዲለር ቲም የሚባለውን ቡድን ከ1969 ጀምሮ ያቆመው ሃሪ ፈርዝ የተባለ የቡድን መሪና መካኒክ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ግን ባትኸርስት በሚባለው ታላቅ ውድድር ላይ ዘጠኝ ጊዜ ያሸነፈውን ሾፌር ፒተር ብሮክን ነው። ብሮክ ዝናው የተገባው ነው። ያለ ፈርዝ ጋራዥ ግን የብሮክ ዘመን አይታሰብም። የሆልደን መኪና ማምረቻ እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋ፤ የቡድኑ ታሪክ ብቻ ቀረ። ኩባንያ ሲዘጋ የሚተርፈው የተመዘገበው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሶዶ። ወላይታ ድቻ የመኪና ቡድን አይደለም፤ የእግር ኳስ ክለብ ነው። ነገር ግን የፊልሙ ጥያቄ እዚህ ከየትኛውም ቦታ ይልቅ በትክክል ይገጥማል። የጦና ንቦች የሚል ቅጽል ስም ያለው ይህ ክለብ፣ በ1887 ዓ.ም. ከምኒልክ ጦር ጋር የተዋጉትን የመጨረሻውን የወላይታ ንጉሥ የካዎ ጦናን ስም ተሸክሞ ይጫወታል። በ2006 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ተቀላቀለ፤ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሣ። በ2010 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የዛንዚባሩን ዚማሞቶን አልፎ ከግብፁ ዛማሌክ ጋር ተገናኘ።

ዛማሌክ የአፍሪካ ሻምፒዮንነትን አምስት ጊዜ የወሰደ ክለብ ነው። የካቲት መጨረሻ ላይ ሐዋሳ ላይ ድቻ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ መጋቢት ላይ ግብፅ ውስጥ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ድምሩ እኩል ሆነ። በፍጹም ቅጣት ምት ድቻ 4 ለ 3 አሸንፎ ዛማሌክን ከውድድሩ አስወጣ። የዚያን ውጤት ክብደት ለመገመት አንድ ነገር ይበቃል፤ ዛማሌክ በሚቀጥለው ዓመት ይህንኑ ዋንጫ ወሰደ። ድቻ ከዚያ በኋላ በታንዛኒያው ያንጋ ዳሬሰላም ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ፣ ሐዋሳ ላይ 1 ለ 0 ቢያሸንፍም በድምር ወጣ፤ ምድብ ድልድሉ በአንድ ግብ አመለጠው።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ማን ይንገረው? እንዴትስ? ማንጎልድ ቢሆን ኖሮ ፍጹም ቅጣት ምቱ ላይ ያቆመው ነበር። ይህ አንድ መንገድ ነው፤ ግን ጎደሎ መንገድ ነው። ቡድኑን በፕሪሚየር ሊጉ ለዓመታት ይዘው የዘለቁትና ለ2009ኙ ዋንጫ ያበቁት አሰልጣኝ መሳይ ተፈሪ ናቸው፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድንንም ኋላ አሠልጥነዋል። ዛማሌክን በጣሉበት ጊዜ ግን አሰልጣኙ ዘነበ ፍስሐ ነበሩ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ጀግና የሚያደርግ ታሪክ በሁለተኛው ላይ የሊዮ ቢቢን ፎቶ ይደግማል። ያለ መጀመሪያው ትኬቱ አይቆረጥም ነበር፤ ያለ ሁለተኛው ትኬቱ ባክኖ ይቀር ነበር። ሁለቱንም በአንድ ገጽ ላይ የሚያስቀምጥ ተራኪ ያስፈልጋል።

ደጋፊውም አለ። ድቻ የራሱን ትልቅ አህጉራዊ ጨዋታ የተጫወተው በሶዶ ሳይሆን በሐዋሳ ነው። ቡድኑን ለማየት የፈለገ ሰው ቦዲቲን፣ ሾኔን፣ ሀላባን፣ ሻሸመኔን አልፎ መጓዝ ነበረበት። መንገዱ ራሱ የቡድኑ ታሪክ አካል ነው፤ ልክ የፍሬኑ ዲስክ የሌ ማን ታሪክ አካል እንደሆነው። የክለቡን ማሊያ ያጠበው፣ አውቶቡሱን የነዳው፣ ለጉዞ ገንዘብ ያዋጣው ነጋዴ፣ በጀት የፈቀደው የዞን ጽሕፈት ቤት፣ ሁሉም በታሪኩ ውስጥ ስም ይገባቸዋል። ብዙዎቹ የኢትዮጵያ ክለቦች በመንግሥት በጀትና በሕዝብ መዋጮ የሚኖሩ ናቸው፤ የገንዘቡን ታሪክ ያልነገረ የቡድን ታሪክ የድሉን ታሪክም በትክክል አልነገረም።

ስለዚህ የመጨረሻ ፍርዴ ይህ ነው። «ፎርድ ቪ ፌራሪ» ሊታይ የሚገባው፣ በድምፁና በትወናው የላቀ፣ ለሠራተኛው እጅ ክብር የሰጠ ፊልም ነው። ጉድለቱ ከጥሩ ፍላጎት የመነጨ ነው፤ አንድን የተነጠቀ ሰው ለመካስ ሲል ዙሪያውን ያሉትን አጠፋ። የወላይታ ድቻን ታሪክ የሚጽፍ፣ የሚቀርጽ ወይም ፊልም የሚሠራ ሰው የማንጎልድን ጆሮ ይውሰድ፣ ስሞችን የመሰረዝ ልማዱን ግን ይተው። ሁለቱ አሰልጣኞች፣ ተጫዋቾቹ፣ ወደ ሐዋሳ የተጓዙት ደጋፊዎች ዛሬ በሕይወት ያሉ ምስክሮች ናቸው። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ፣ የታሪክና የስፖርት ተማሪዎች፣ የዞኑ የባህልና ስፖርት መምሪያዎች፣ የክለቡ አመራር ራሱ ቃላቸውን አሁኑኑ ሊቀርጹ ይችላሉ። ኬን ማይልስ የደረሰበትን ለመካስ ሆሊዉድ ከሃምሳ ዓመት በላይ ጠበቀ። ሶዶ ያን ያህል መጠበቅ የለባትም።