የሮክ አልበሞች በወሎ ጆሮ፦ ባቲ፣ አምባሰል እና የኤሌክትሪክ ጊታር

መነሻ

የሮክ ሙዚቃ ታላላቅ አልበሞች በየጊዜው እንደ አዲስ ይታተማሉ፤ እንደ አዲስም ይገመገማሉ። የብላክ ሳባዝ «ፓራኖይድ» (እ.ኤ.አ. 1970)፣ የሌድ ዜፕሊን አራተኛ አልበም (1971)፣ የዲፕ ፐርፕል «ማሽን ሄድ» (1972) እና የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» (1973) ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም አድማጭ አላጡም። ግምገማው ግን ከለመደው መንገድ ወጥቶ አያውቅም። የአሜሪካ ጥቁሮች ብሉዝ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ፣ እዚያ ድምፁ ገዘፈ፣ ከዚያም ዓለምን አዳረሰ ይባላል። በዚህ ትረካ ውስጥ ለእኛ የተተወልን የአድማጭነት ወንበር ነው።

ወሎ ግን ለሙዚቃ ምዘና የራሷ ሚዛን አላት። በቅዱስ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ከሚሰጡት አራት ዋና ዋና ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከደሴና ከኮምቦልቻ ዙሪያ ነው። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን ከሐይቅ ወዲያ ያለ ተራራማ አገር ሲሆን፣ ባቲ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ ወደ አፋር በሚወርደው መንገድ ላይ የምትገኝ የገበያ ከተማ ናት። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ አንድ ነው፦ እነዚህ ቅኝቶች ሮክን ለመመዘን የሚያበቃ የሙዚቃ ዕውቀት ይዘዋል፤ በዚህ ዕውቀት ስናዳምጥ የታወቁት አልበሞች ያልተነገረላቸውን ይነግሩናል፣ የራሳችን አልበሞችም ከተሰጣቸው በላይ ክብር ይገባቸዋል።

1977 ዓ.ም.፦ የተዘፈነላት፣ ግን ያልተደመጠች ወሎ

ሮክና ወሎ በዓለም ፊት የተገናኙት በረሃብ ሰበብ ነው። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የቢቢሲው ማይክል በርክ ከካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ጋር ከኮረም ያጠናቀረው ዘገባ ተላለፈ፤ ኮረም ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ነበረች። ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ብዙም ሳይቆዩ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞችን አሰባስበው «ባንድ ኤይድ» በሚል ስም የእርዳታ ዘፈን አስቀረጹ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ ላይቭ ኤይድ በለንደኑ ዌምብሌይና በፊላደልፊያው የጆን ኤፍ ኬኔዲ ስታዲየም በአንድ ቀን ተካሄደ። ክዊን በዌምብሌይ ተጫወተ፤ ተበትነው የነበሩት የሌድ ዜፕሊንና የብላክ ሳባዝ አባላት በፊላደልፊያ እንደገና ተገናኙ። ዴቪድ ቦዊ ከዝግጅቱ አንድ ዘፈን ቀንሶ የረሃቡ ፊልም እንዲታይ አደረገ።

ያ እርዳታ የሰው ሕይወት አትርፏል፤ ይህን ማሳነስ ነውር ነው። የሙዚቃ ታሪክ ግን ሌላም ነገር ይመዘግባል። ከኢትዮጵያ የሄደ አንድም ድምፃዊ ወይም ባንድ በሁለቱም መድረኮች ላይ አልቆመም። በዚያው ዓመት ካሜሩናዊው ማኑ ዲባንጎ አፍሪካውያን ሙዚቀኞችን አሰባስቦ ለኢትዮጵያ ተረጂዎች «ታም ታም ፑር ሌትዮፒ»ን አስቀርጾ ነበር። ባቲም በዓለም ዜና የታወቀችው በረሃብተኞች መጠለያዋ ነው። ለዓለም የተላለፈው ምስሏ ነበር፤ ዜማዋ ግን ከዚያው ቀረ።

እዚሁ አገር ውስጥ ግን ዜማው አልተቋረጠም ነበር። በደርግ ዘመን መቀመጫውን ደሴ ያደረገው የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን የአካባቢውን ዜማ፣ እስክስታና ጭፈራ በመድረክ ሥርዓት አደራጅቶ ያቀርብ ነበር፤ በአምባሰልና በባቲ ዜማዎቿ የምትታወቀው ማሪቱ ለገሰም የዚህ ቡድን ፍሬ ናት። ከአገር ውጭ ደግሞ ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በላይቭ ኤይድ ዓመት በዋሽንግተን አካባቢ አንድ ካሴት ቀረጸ፤ «አምባሰል»ም ከዜማዎቹ አንዱ ነው። ሮክ ስለ ወሎ በሚዘፍንበት ዓመት ወሎ ራሷ በኤሌክትሪክ መሣሪያ እየተጫወተች ነበር ማለት ነው።

ባቲ እና የሮክ ጊታር ሶሎ

ባቲ ሁለት መልክ አለው፤ ለዚህ ንጽጽር የሚያስፈልገን አንዱ ነው። ባቲ ማይነር የሚባለው ከዶ ቢነሳ ዶ፣ ሚ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት ይሆናል፤ ከላ ቢነሳ ደግሞ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። ይህ የድምፅ ርቀት ብሉዝና ሮክ ለጊታር ሶሎ ከሚጠቀሙበት ማይነር ፔንታቶኒክ ጋር አንድ ነው። የሌድ ዜፕሊኑ ጂሚ ፔጅ በአራተኛው አልበም «ስቴርዌይ ቱ ሄቨን» ላይ የተጫወተው ሶሎ በአብዛኛው በእነዚሁ አምስት ድምፆች ላይ ይሄዳል።

መመሳሰሉ ግን የንጽጽሩ መጀመሪያ እንጂ መደምደሚያ አይደለም። አምስት ድምፅ ያለው ሙዚቃ ከቻይና እስከ ስኮትላንድ አለ፤ ማን ከማን ወሰደ የሚለው ክርክር እዚህ ፍሬ የለውም። ፍሬ ያለው የድምፆቹ አኗኗር ነው። ከፔጅ ሶሎ በታች ላ ማይነር፣ ሶል ሜጀርና ፋ ሜጀር የሚባሉ ኮርዶች ይፈራረቃሉ። ፋ ከባቲው አምስት ድምፆች ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ዜማው ባለበት ሆኖ መሬቱ ከሥሩ ሲቀየር ውጥረት ይፈጠራል። የሶሎው ኃይል በዋናነት ከዚህ ይመነጫል። የወሎ ባቲ ግን ከሥሩ የሚፈራረቅ ኮርድ የለውም። ውጥረቱ የሚመጣው ከግጥሙ፣ ድምፃዊው ከሚያረዝመውና ከሚሰብረው ድምፅ፣ ማሲንቆውም ዜማውን ተከትሎ በትንሹ ከሚለይበት መንገድ ነው። በማሲንቆ ላይ ያለው ድምፅ ደግሞ ከፒያኖው ጋር በትክክል አይገጥምም፤ ተጫዋቹ እንደ ስሜቱ ከፍ ወይም ዝቅ ያደርገዋል። የሮክ ጊታር ተጫዋች ክሩን በጣቱ ገፍቶ ድምፁን ሲያጎብጥ የሚፈልገው ይህንኑ ነጻነት ነው።

በዚህ ጆሮ ሲሰማ «ማሽን ሄድ» ላይ ያለው የ«ስሞክ ኦን ዘ ዎተር» መግቢያም ግልጽ ይሆናል። ሶል፣ ሲ ፍላትና ዶ የባቲ ናቸው፤ መካከል ላይ ብልጭ ብሎ የሚያልፈው ሬ ፍላት ግን እንግዳ ነው። በባቲ ያደገ አድማጭ ያችን አንዲት ድምፅ ወዲያው ይለያታል፤ ብሉዝ የሚገባው በእሷ በኩል ነውና።

አምባሰል እና ሦስተኛ ድምፅ የሌለው ኮርድ

ከባቲ ይልቅ ለሮክ አዲስ ነገር የሚነግረው አምባሰል ነው። ከዶ ሲነሳ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ይሆናል። ከመነሻው ድምፅ በላይ ሚም ሆነ ሚ ፍላት የለም። በምዕራቡ ትምህርት አንድን ኮርድ ሜጀር ወይም ማይነር የሚያሰኘው ይህ ሦስተኛ ድምፅ ነው። አምባሰልን በፒያኖ ወይም በኪቦርድ አጅቦ ዶ ማይነር የሚመታ ሙዚቀኛ ስለዚህ ሳያስበው ቅኝቱ ያልጠራውን ሚ ፍላት ያስገባል። የብዙ ዘመናዊ አምባሰል ሥራዎች ድካም ከዚህ ይጀምራል፤ ዜማው ወሎ ሆኖ አጃቢው ሌላ አገር ይሄዳል።

ሮክ ለዚህ ችግር ሳያውቀው መፍትሔ ሠርቷል። የተዛባ ድምፅ ባለው የኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ሙሉ ኮርድ ሲመታ ድምፁ ስለሚደፈርስ፣ የሮክ ተጫዋቾች መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ የያዘውን ፓወር ኮርድ አዘወተሩ። በአምባሰል ውስጥ ከቅኝቱ ሳይወጡ የሚመቱ ሦስት ፓወር ኮርዶች አሉ፦ ዶ ከሶል፣ ፋ ከዶ፣ ሬ ፍላት ከላ ፍላት። ከዶ ወደ ሬ ፍላት ያለው ግማሽ እርምጃ ደግሞ የከባድ ሮክ ጊታር ከሚወዳቸው አካሄዶች አንዱ ነው። አምባሰል እንግዲህ ከዘመናዊ ፖፕ ኪቦርድ ይልቅ ለከባድ ጊታር የቀረበ ቅኝት ነው፤ ይህን የምለው ለማድነቅ ያህል አይደለም፣ በጊታር ላይ ማንም ሊያረጋግጠው ይችላል።

ሌላም አለ። ብላክ ሳባዝ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጡት የመጀመሪያ አልበም የባንዱን ስም የያዘው ዘፈን ሶልንና ሬ ፍላትን ያጋጥማል። ይህ ርቀት በአውሮፓ የሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የጭንቀትና የፍርሃት ስም የወጣለት ነው። በአምባሰል ውስጥ ሁለቱ ድምፆች በአንድ ቅኝት አብረው ይኖራሉ፤ የሚሸከሙት ግን ፍቅርንና ናፍቆትን ነው። ስለዚህ ድምፅ በራሱ አስፈሪ ነው የሚለው አስተያየት ከደሴ ሲታይ አይጸናም። ፍርሃቱ የተማሩት ነገር ነው።

ሦስት ያለፉ አልበሞች

ከእነዚህ መመዘኛዎች ተነስተን የራሳችንን አልበሞች ብናይ ሦስቱ ጎልተው ይወጣሉ። የመጀመሪያው የማሕሙድ አህመድ «እሬ መላ መላ» ነው። አይቤክስ ባንድ ያጀበው ይህ ሥራ በካይፋ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. በ1975 ወጣ፤ በ1986 በቤልጂየሙ ክራምድ ዲስክስ ታትሞ አውሮፓ ሰማው። የአልበሙ ትልቅ ድል የቤዝ ጊታሩና የኤሌክትሪክ ጊታሩ ትዕግሥት ነው። አንድን ሐረግ ደጋግመው በመያዝ ለድምፃዊው እንደ ልቡ የሚሄድበት ሜዳ ይሰጡታል፤ ማሲንቆ ለአዝማሪ የሚያደርገውን አደረጉ።

ሁለተኛው የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» (1977 እ.ኤ.አ.) ነው። የኃይሉ መርጊያ ኦርጋንና የሙላቱ አስታጥቄ ቫይብራፎን የተገናኙበት ይህ አልበም ያለ ድምፃዊ ነው። ቅኝት ከግጥም ተለይቶ ብቻውን መቆም ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ አዎን እንደሆነ ያሳያል። ያም ሆኖ ለጭፈራ የሚጎትተው የከበሮ ምት አንዳንዴ ዜማው ሊያርፍበት የሚገባውን ቦታ ያጣድፈዋል።

ሦስተኛው ከላይ የጠቀስኩት፣ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 የቀረጸው ካሴት ነው። አኮርዲዮን፣ ሮድስ ፒያኖ፣ ሙግ ሲንተሳይዘርና የከበሮ ማሽን ብቻ የያዘው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካው «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» እንደገና ታትሞ ዝናው ተመለሰ። አኮርዲዮን በንፋስ የሚሠራ ስለሆነ ድምፁን እንደ ሰው ትንፋሽ ያነሳል፣ ይጥላል፤ ለአምባሰል የተመቸውም ለዚህ ነው። የከበሮ ማሽኑ ግን አይተነፍስም። ድምፃዊ በወሎ መድረክ ላይ የሚያረዝመውን ቃል እሱ በእኩል ልክ ይቆርጠዋል። ይህ ጉድለት የሥራውን ክብር አይቀንስም፤ በስደት ብቻውን የቀረ ሙዚቀኛ የጠፋውን ባንድ በማሽን ሊተካ ሲሞክር የደረሰበትን ወሰን ያሳየናል።

«ኤርታሌ» እና ያልተፈጸመው ቀጠሮ

ሮክን በስሙ ጠርቶ ለመሥራት የደፈረው ጃኖ ባንድ ነው። አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲውስ ያደረገው «ኤርታሌ» እ.ኤ.አ. በ2012 ወጣ። የአልበሙ ስም ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ሲወርዱ ከሚደረስበት የአፋር ምድር እሳተ ገሞራ የተወሰደ ነው። ዲበኩሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሀሌሉያ ተክለጻድቅና ሄዋን ገብረወልድ፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ሆነው፣ ከከባድ ጊታር ፊት መቆማቸው የዚህ ሥራ ትልቁ ግኝት ነው። በምዕራቡ ሮክ ብዙ ጊዜ አንድ ድምፃዊ ይነግሣል፤ እዚህ ግን መቀባበል አለ። መቀባበል ደግሞ በወሎ ሠርግ ቤትም በመንዙማም የዜማ መሠረት ነው።

ቅር የሚያሰኘኝ አጃቢው ነው። የጊታሩ ግዝፈት ብዙ ጊዜ ከድምፃዊው ጌጥ ጋር ይሻማል፤ ቅኝቱ በጉሮሮ ላይ ሲኖር ጊታሩ ከውጭ በተማረው መንገድ ይሄዳል። ከላይ የተመለከትነው የአምባሰል ፓወር ኮርድ ዕድል ገና በሙሉ አልተሞከረም። የሳባዙ ቶኒ አዮሚ በበርሚንግሃም ብረት ፋብሪካ ውስጥ የጣቶቹን ጫፍ ካጣ በኋላ ክሮቹን አላልቶ ከባዱን ድምፅ ያገኘው ከራሱ ከተማና ከራሱ ገላ ተነስቶ ነው። ኮምቦልቻም የጨርቃ ጨርቅና የብረት ፋብሪካ ከተማ ናት። የሥራዋን ድምፅና የባቲን ቅኝት የሚያገናኝ አልበም ግን እስካሁን አልሰማሁም። የኢትዮጵያ ሮክ የሚቀጥለው እርምጃ ከዚያ ቢነሳ አይገርመኝም፤ እንዲነሳም አጥብቄ እመኛለሁ።

ማጠቃለያ

መልሶ ማዳመጥ ተደማጭ ነገር ይፈልጋል። ከአዲስ አበባ የወጡት ሸክላዎች በፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዳግም ታትመዋል። የወሎ ኪነት ዘመን ቅጂዎች ግን ይህን መሰል ሥርዓት ያለው ኅትመት አላገኙም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሲያዙ በወሎ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች ተቋማት ላይ የደረሰው ዘረፋና ውድመት፣ በአንድ ቦታ ብቻ የተቀመጠ ቅርስ ምን ያህል ለአደጋ እንደሚጋለጥ አስተምሮናል። በየቤቱ ያሉት ካሴቶች በዲጂታል መልክ ተባዝተው ከአንድ በላይ ቦታ ሊቀመጡ፣ ዜማዎቹም ከፒያኖ ከሚለየው የማሲንቆ ድምፅ ጋር በኖታ ሊጻፉ ይገባል። ዩኒቨርሲቲው፣ የዞኑ ባህል መምሪያና በሕይወት ያሉት የኪነት አባላት አብረው ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

ከዚያ በኋላ «ፓራኖይድ»ና «እሬ መላ መላ» በአንድ የትምህርት ክፍል፣ በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ ይችላሉ። የደሴ ተማሪ የሌድ ዜፕሊንን ሶሎ ሲሰማ «ይህ ባቲ ነው፤ ፋው ግን ከሌላ መጣ» ለማለት የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። ሂስ የሚጀምረው እንዲህ ያለ ፍርድ በራስ ቋንቋና በራስ ቅኝት መስጠት ሲቻል ነው፤ ወሎ ለዚህ የሚያስፈልገው ዕውቀት በእጇ ነው።