ፈረስና አለቅነት፦ በፈረስ ስለሚሰጠው የአመራር ሥልጠና አጭር ሂስ

በአውሮጳና በአሜሪካ ፈረስን የአመራር መምህር የማድረግ ልማድ ካለፉት ጥቂት ዐሥርተ ዓመታት ወዲህ ተስፋፍቷል። ሠልጣኙ ፈረሱን አይጋልብም፤ በታጠረ ሜዳ ውስጥ በእግሩ ቆሞ፣ ያለ ጅራፍ ፈረሱ እንዲከተለው ይሞክራል። ከተከተለው ሐሳቡ የጸና፣ መንፈሱም የረጋ ነው ይባላል፤ እምቢ ካለው ግን የራሱን ጉድለት እንዲመረምር ይመከራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አሳብ በአገራችን የፈረስ ታሪክ መመዘን ነው።

በመጀመሪያ እውነት የሆነውን ክፍል እንቀበል። ፈረስ የሰውን አኳኋን አጥርቶ ያያል። በበርሊን ከተማ ሃንስ የሚባል ፈረስ ለሒሳብ ጥያቄ በኮቴው እየመታ ይመልስ ነበር። ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ግን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1907 ባሳተመው ጥናት፣ ፈረሱ ሒሳብ እንደማያውቅ፣ ይልቁንም የጠያቂውን የራስና የፊት ጥቂት እንቅስቃሴ ይከተል እንደነበር አስረዳ። እንግዲህ ፈረስ የሰውነትን መረበሽ ይለያል፤ ነገር ግን ፍርድ አዋቂውን ከግፈኛው ይለያል ለማለት ይህ ማስረጃ አይሆንም። ግፈኛም የረጋ ሊሆን ይችላልና።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ መሪ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ የጎጃሙ አርበኛ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር ተብለዋል። መታጠቅ፣ መዳኘት፣ መላ መፈለግ፣ መኮሰተር፣ ሁሉም የአለቅነት ጠባዮች ናቸው። ይሁን እንጂ ባለ ስሙ መኳንንት ከፈረሱ ጋር ውሎ የሚያድር ሰው አልነበረም። እርሱ መንገዱን በበቅሎ ሲሄድ የጦር ፈረሱ ለውጊያ ተቆጥቦ በአሽከር ይሳብ ነበር። የሚያበላው፣ የሚያጠጣውና አመሉን የሚያውቀው ባለሟሉ ሳይሆን ባልደራሱ ነው። ዛሬ ሠልጣኙ ገንዘብ ከፍሎ የሚማረው ፈረስ መሳብ ያንጊዜ የአሽከሩ ሥራ ነበር፤ ስሙ ግን ለጌታው ሆነ።

ከዚህ የተሻለው ምሳሌ ከቡሬ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በእንጅባራ ይገኛል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ ፈረሶች በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ፣ ኋላም በአምስቱ ዓመት ተጋድሎ የዋሉትን ውለታ ያስባል። በዚያ አገር ገበሬው ፈረሱን ራሱ ቀልቦ፣ ራሱ አስጊጦ፣ ራሱ ይጋልበዋል፤ በሠልፉም ከጎረቤቱ ጋር ተስማምቶ መሄድ ይገባዋል። ትምህርት ካለ የሚገኘው ከአንድ ቀን ልምምድ ሳይሆን ከእንዲህ ያለው የዘወትር እንክብካቤና የማኅበር ኑሮ ነው።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል ተረታችን። የፈረስን መከተል እንደ ሰው ፈቃድ የሚቆጥር አለቃ ለሚያስተዳድራቸው ሰዎች አስጊ ነው። ፈረስ አቤት አይልም፤ ሰው ግን ይላል፤ የአለቃም ፈተና ያንን አቤቱታ መስማት ነው። ስለዚህ ይህ ሥልጠና በአገራችን ይሰጥ ቢባል፣ ሠልጣኙ አስቀድሞ ጋጣ ይጥረግ፣ ሣር ይጨድ፤ ስለ ጠባዩም ፈረሱ ሳይሆን አብሮት የሠራው ባልደራስ ይጠየቅ።