ቮልቴጅን ዝቅ ማድረግ
ጢስ ዓባይ ላይ የመብራት ዋጋ በዓይን ይታያል፤ ውሃው ወደ ተርባይን ሲዞር ፏፏቴው ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ማመንጫ አቅሙ 11.4 ሜጋዋት ነበር። ባሕር ዳር ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ግን የኃይል ጭንቀቱ የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ነው፦ 320 ዋት የሚበላ አርቲኤክስ 3080 ግራፊክስ ካርድ በቅጽበት ሲያሻቅብ፣ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ድርግም ይላል።

መፍትሔው ነጻ ነው፤ እኔ እንዲያውም ከሁሉም ማስተካከያ አስበልጠዋለሁ። አፍተርበርነር በተባለው ፕሮግራም የካርዱን ቮልቴጅ ዝቅ ማድረግ። ቺፑ ሲሠራ የሚወስደው ኃይል ከቮልቴጁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ ቮልቴጁ 10 በመቶ ሲቀንስ ፍጥነቱ ሳይነካ ኃይሉ 19 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ሙቀቱም የፋኑም ጩኸት ይቀንሳል።

ሁሉም ካርድ እኩል አይችልም፤ ጥቂት በጥቂት ቀንሱ፣ ከተንገዳገደ መልሱ። አዲስ ፓወር ሰፕላይ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ።