ካትበርት፤ ገድሉና የመቃብሩ ዘበኞች

ስለ አንድ ቅዱስ ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይጻፋል። አንዱ ሰውየውን በሚያውቁት ሰዎች ምስክርነት ላይ የቆመ ነው፤ ሌላው መቃብሩን በሚጠብቁት ሰዎች ጉዳይ ላይ የቆመ ነው። ሁለቱም ተአምር ይተርካሉ፤ ሁለቱም በቅዱሱ ስም ይናገራሉ። አንባቢ ካልተጠነቀቀ ታዲያ ቅዱሱን ያከበረ መስሎት የዘበኞቹን ፈቃድ ሲፈጽም ሊኖር ይችላል። ይህን እንድል ያደረገኝ ስለ እንግሊዙ ጳጳስ ስለ ቅዱስ ካትበርት በተለያዩ ዘመናት የተጻፉትን ታሪኮች ጎን ለጎን አድርጌ ማንበቤ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካትበርት በ634 ገደማ ተወለደ። አገሩ ያን ጊዜ ኖርዘምብሪያ የሚባለው፣ ዛሬ የእንግሊዝን ሰሜንና የስኮትላንድን ደቡብ ከፊል የሚይዘው መንግሥት ነው። በ651 በተራራ ላይ በግ ሲጠብቅ፣ አንድ ሌሊት የሊንዲስፋርን ጳጳስ የነበረው የኤይዳን ነፍስ ወደ ሰማይ ስትወጣ አየ ይላል ገድሉ። ከዚያ በኋላ ሜልሮዝ ገዳም ገብቶ መነኮሰ። ቆይቶም ወደ ሊንዲስፋርን ተዛውሮ መነኮሳቱን ሲመራ ከኖረ በኋላ በ676 ገደማ ፋርን ወደምትባል ጠፍ ደሴት ብቻውን ተሻገረ። በዚያ የሠራት በዓት ክብ ነበረች። ግንቧ ከውጭ ሲታይ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ከውስጥ ግን ዐለቱን ወደ ታች ስለፈለፈለው፣ በዓቷ ውስጥ ያለ ሰው ከሰማይ በቀር የሚያየው ነገር አልነበረም።

በ684 ሲኖዶስ ጳጳስ እንዲሆን መረጠው። ደብዳቤም መልእክተኛም ቢላክበት ከደሴቲቱ አልነቃነቅ አለ። በመጨረሻ ንጉሡ ኤግፍሪዝ ራሱ በጀልባ ተሻግሮ፣ ተንበርክኮ ለመነው። ካትበርት እያለቀሰ ወጣ። በ685 በዮርክ ተሾመ፤ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ሞቱ መቅረቡን ዐውቆ ወደ ደሴቲቱ ተመለሰና ማርች 20 ቀን 687 ዐረፈ።

የመጀመሪያው ገድል የተጻፈው እሱ ከሞተ ሃያ ዓመት ሳይሞላ ነው። ጸሐፊው ስሙን ያልገለጸ የሊንዲስፋርን መነኩሴ ነው። ሁለተኛውን፣ ይኸውም በሰፊው የሚታወቀውን፣ በ721 ገደማ የጻፈው የጃሮ ገዳሙ ቤዳ ነው፤ የእንግሊዝን ሕዝብ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ በ731 ጽፎ የፈጸመው ሊቅ። የቤዳ መቅድም ዛሬም ለታሪክ ጸሐፊ ትምህርት ይሆናል። ረቂቁን ካትበርትን ለሚያውቁት ሰዎች አሳይቷል፤ ያለቀውን ደግሞ ለሊንዲስፋርን አረጋውያን አቅርቦ ሁለት ቀን ሙሉ ተነቦላቸዋል። ስንት ጸሐፊ ነው ሥራውን በሚያውቁት ሰዎች ፊት እንዲህ አስቀምጦ የሚያስመረምር?

ለእኛ ይህ ዓይነቱ ጽሑፍ ባዕድ አይደለም። የካትበርት ገድል ጸሐፊዎች በአርአያነት ከተከተሏቸው መጻሕፍት አንዱ አትናቴዎስ የጻፈው የአባ እንጦንስ ገድል ነው። ያው ገድል ወደ ግእዝም ተተርጉሞ በእኛ ገዳማት ሲነበብ ኖሯል። አትናቴዎስ ደግሞ ፍሬምናጦስን፣ የእኛን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ለአክሱም ጳጳስ አድርጎ የሾመው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ነው። ስለዚህ ካትበርት በፋርን ዐለት ላይ አጋንንትን ሲያባርር፣ ገድል የለመደ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ቦታውን ባያውቀው ትግሉን ያውቀዋል። በረሃው ባሕር ሆነ እንጂ ውጊያው ያው የእንጦንስ ውጊያ ነው።

ቤዳ ከቀድሞው መነኩሴ የተሻለ ጸሐፊ መሆኑ አያከራክርም። ሁልጊዜ የተሻለ ተራኪ ነው ወይ ከተባለ ግን እኔ አይደለም እላለሁ። ስሙ ያልታወቀው መነኩሴ የየመንደሩን ስም እየጠራ ያወራል፤ ቤዳ ከእነዚህ ስሞች ብዙዎቹን አውጥቶ በምትካቸው ምክርና ትምህርት ያስገባል። ታሪኩ ለሁሉም አገር ይሆናል፤ የአፈሩ ሽታ ግን ይቀንሳል። ደግነቱ ሽታው ጨርሶ አልጠፋም። ቁራዎች የእንግዳ ማረፊያውን የክዳን ሣር እየነቀሉ ለጎጇቸው ሲወስዱ ካትበርት ገሠጻቸው፤ ከሦስት ቀን በኋላ ይቅርታ ሊጠይቁ ሲመለሱ የአሳማ ሞራ እጅ መንሻ ይዘው መጡ። እንግዶቹም በሞራው ጫማቸውን ያለሰልሱበት ጀመር። ተአምሩ የሚያልቀው በጫማ ቅባት ነው! ታሪኩን ያመነ ያምናል፤ ያላመነም ቢሆን የዚያ ደሴት ኑሮ ምን ይመስል እንደ ነበር ከዚህች ሞራ ይረዳል።

የቤዳ መጽሐፍ ከፍተኛው ቦታ ግን ቤዳ ራሱ ብዕሩን ለሌላ ሰው የለቀቀበት ነው። የካትበርትን አሟሟት «እኔ» እያለ የሚተርከው የሊንዲስፋርን አበምኔት የነበረው ሄሬፍሪዝ ነው። ማዕበል ተነሥቶ አምስት ቀን መሻገር ተከለከለ። ሲደርሱ በሽተኛው ብቻውን ተቀምጧል። ምን ሲበላ እንደ ሰነበተ ቢጠይቀው፣ የተቀመጠበትን ገለጥ አድርጎ አምስት ሽንኩርት አሳየው፤ አፉ ሲደርቅ የቀመሰው ከመካከላቸው የአንዱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ ምክር አያስፈልግም። ሽንኩርቶቹ ይበቃሉ።

በዚያው ትረካ ውስጥ ያለ አንድ ንግግር ነው የኋላውን ነገር ሁሉ የሚገልጥልኝ። መነኮሳቱ አስከሬኑን ወደ ሊንዲስፋርን ለመውሰድ ሲለምኑት ካትበርት እምቢ አለ፤ እዚሁ ደሴቲቱ ላይ እንዲቀብሩት ጠየቀ። ምክንያቱ ትሕትና ብቻ አልነበረም። መቃብሩ እነሱ ዘንድ ከሆነ ወንጀለኞች እየሸሹ ይማፀኑበታል፤ መነኮሳቱም ስለነዚያ ሰዎች በየባለሥልጣኑ ደጅ ሲጠኑ ይኖራሉ። ሸክሙን እንችላለን ብለው አጥብቀው ቢለምኑት በመጨረሻ ፈቀደ፤ ግን ማን መቃብሩን እንደሚጎበኝ እነሱ መወሰን እንዲችሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እንዲቀብሩት መከራቸው። በእኛ ገድሎች መጨረሻ አካባቢ ቅዱሱ ስሙን ለጠራ፣ ዝክሩን ላዘከረ ቃል ኪዳን ሲቀበል እናያለን። ካትበርት ስለ መቃብሩ የተወው ግን ተስፋ ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነው። ገና ሳይሞት መቃብሩ ኃይል እንደሚሆን ገብቶታል።

የፈራውም ደረሰ። በ698 መቃብሩ ሲከፈት አስከሬኑ ሳይፈርስ ተገኘ ይላሉ ሁለቱም ገድሎች፤ ክብሩም ከዚያ ወዲያ እየሰፋ ሄደ። በ793 ቫይኪንጎች ሊንዲስፋርንን ዘረፉ። በ875 ማኅበሩ ሣጥኑን ተሸክሞ ወጣ። ለዓመታት ከተንከራተተና ቸስተር ሊ ስትሪት በሚባል ቦታ ከመቶ ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ በ995 ደርሃም ደረሰ። የዛሬው ካቴድራል በ1093 ተጀመረ፤ ሣጥኑ በ1104 ገባበት። ወንጀለኞቹም እንዳለው መጡ፤ ሸሽቶ የካቴድራሉን በር የነሐስ ማንኳኪያ የያዘ ሰው 37 ቀን ከለላ ያገኝ ነበር። የደርሃም ጳጳሳት እንደ መሳፍንት የሚገዙ ጌቶች ሆኑ። የካትበርት ሰንደቅ በ1513 ወደ ፍሎደን ጦርነት ዘመተ። ከሰማይ በቀር ላለማየት ግንብ የሠራ ሰው ስሙ ለጦር ሜዳ ዋለ።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን የሴቶቹ ነገር ነው። በካቴድራሉ ወለል ላይ፣ በምዕራቡ በኩል፣ ጥቁር የእብነ በረድ መስመር ተዘርግቷል። በመነኮሳቱ ዘመን ሴት ያንን መስመር አልፋ ወደ ቅዱሱ መቃብር መቅረብ አትችልም ነበር። ለምን ቢባል፣ ካትበርት ሴት እንዳይቀርበው አዝዟል ተብሎ። በዐሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የደርሃሙ መነኩሴ ስምዖን በጻፈው ታሪክ ውስጥ፣ ከግብዣ ስትመለስ መንገዱ ጭቃ ሆኖባት በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ያቋረጠች አንዲት ሴት አእምሮዋን ስታ ትሞታለች።

እንግዲህ ወደ ቤዳ እንመለስ። ካትበርት በልጅነቱ ያሳደገችውን ሴት «እናቴ» እያለ እየሄደ ይጠይቃት ነበር። ሌሊቱን ባሕር ውስጥ ቆሞ ሲጸልይ አድሮ ሲወጣ፣ ሁለት ትንንሽ የባሕር እንስሳት እግሩን በትንፋሻቸው ያሞቁለት፣ በጠጉራቸው ያደረቁለት፣ እመምኔት ኤባ ጋብዛው ኮልዲንግሃም ሄዶ ሳለ ነው፤ ያ ገዳም ወንዶችም ሴቶችም የሚኖሩበት ነበር። የንጉሡ እኅት እመምኔት ኤልፍሌድ ታማ ሳለች የላከላት መታጠቂያ ፈወሳት። ሊሞት ሲል እንኳ፣ እመምኔት ቬርካ የሰጠችውን በፍታ በሕይወቱ ሊለብሰው ባይወድም ለእርሷ ፍቅር ሲል ለመገነዣው እንዳኖረው ተናግሯል። አንዲት ሴት በሰጠችው በፍታ ሊገነዝ የፈለገ ሰው ነው እንግዲህ ሴት አትቅረበኝ አለ የተባለው!

ነገሩ ከየት መጣ? እስከ 1083 ድረስ መቃብሩን ይጠብቁ ከነበሩት ካህናት ብዙዎቹ ባለትዳሮች ነበሩ። በዚያ ዓመት ተባረሩና የቤኔዲክቶስ ሥርዓት መነኮሳት ተተኩ። ባለትዳሮቹን ማስወጣት ትክክል ነበር ለማለት፣ ቅዱሱ ራሱ ሴት አይወድም ነበር ከማለት የበለጠ ምን ማስረጃ ይገኛል? ብዙ የታሪክ ተመራማሪዎች የካትበርትን ሴት ጠልነት ከዚህ ለውጥ ጋር ያያይዙታል፤ ሁለቱን ጽሑፎች ላነበበ ሰው አሳማኝ ነው። ሙት አይከራከርም።

ለዘበኞቹም ግን ፍርድ መጓደል የለበትም። እነሱ ሣጥኑን ተሸክመው ባይንከራተቱ ኖሮ ብዙ ነገር ይጠፋ ነበር። በ1104 ከሣጥኑ የተገኘችው ትንሿ የዮሐንስ ወንጌል ጥንተ ጥራዟ ሳይፈርስ እስከ ዛሬ የቆየች፣ በአውሮፓ ከሁሉ የቀደመች መጽሐፍ ናት፤ ብሪቲሽ ላይብረሪ በ2012 በ9 ሚሊዮን ፓውንድ ገዝቷታል። ጠብቀዋል፤ ይመስገኑ። ሆኖም አደራ ጠባቂ ባለንብረት አይደለም፤ በሟቹ አፍ የመናገር መብትም የለውም።

በ1530ዎቹ በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን የመቃብሩ ጌጥ ሁሉ ተገፈፈ። ዛሬ በቦታው ያለው ስሙ የተጻፈበት ድንጋይ ነው፤ ሴቶችም እንደ ማንኛውም ሰው አጠገቡ ይደርሳሉ። ቤዳም እዚያው ካቴድራል ውስጥ ነው። ዐፅሙ በዐሥራ አንደኛው መቶ ዓመት ከጃሮ መጥቶ በ1370 ገሊላ ወደተባለው ጸሎት ቤት ተዛወረ። ገሊላ ያለው በምዕራቡ ጫፍ፣ ከጥቁሩ መስመር ወዲህ፣ በዚያ ዘመን ለሴቶች ክፍት በነበረው በኩል ነው። መነኮሳቱ ይህን ሲያደርጉ ምንም ነገር ማለታቸው አልነበረ ይሆናል። ካትበርትን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን ዛሬም በመጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ቤዳ ነው።